በሁለት መደርደሪያ መካከል

ሳራ ትሪመር ለንደን አጠገብ ብሬንትፎርድ በምትባል ከተማ የምትኖር የ12 ልጆች እናት ነበረች። በ1802 አንድ መጽሔት ጀመረች (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የመጽሔቱ ሥራ ለልጆች ተብለው የሚታተሙትን መጻሕፍት አንብቦ ለወላጅ «ይህን ስጡ፣ ያንን ደብቁ» ማለት ነበር። ሴትየዋ ተረት አይጥማትም፤ ሲንደሬላ እንኳ ከምላሷ አላመለጠችም። መጻሕፍቱን እያበጠረች ስትለይ ግን አንድ ችግር ገጠማት፤ ለ7 ዓመት ልጅ የሚሆነው ለ17 ዓመቱ አይሆንም። ስለዚህ መስመር አሰመረች። ከ14 ዓመት በታች ላሉት የልጆች መጻሕፍት፣ ከ14 እስከ 21 ላሉት ደግሞ የወጣቶች መጻሕፍት ይኑሯቸው አለች።

መስመሩ ወረቀት ላይ ቀረ። የለንደን መጽሐፍ ሻጮች ለሁለተኛው ወገን የተለየ መደርደሪያ አላቆሙም። እኔ ይህችን ሴት ማንሳቴ ያን ጊዜ የሠራችው ነገር እስከ ዛሬ ስላልተለወጠ ነው። የወጣቶች መጽሐፍ ምን እንደሚመስል አልተናገረችም፤ ለማን እንደሚሰጥ ብቻ ነው የተናገረችው። ዛሬ በእንግሊዝኛው ዓለም «ያንግ አደልት» የሚባለው፣ እኛ የአፍላ ወጣቶች ልብ ወለድ ልንለው የምንችለው የመጽሐፍ ዘር ከሷ በኋላ 200 ዓመት ሲጓዝ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው።

ከትሪመር መጽሔት 60 ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ ቦስተን ውስጥ ቶማስ ናይልስ የሚባል አርታኢ ለሉዊዛ ሜይ አልኮት «የልጃገረዶች መጽሐፍ ጻፊልኝ» አላት። አልኮት ነገሩ አልጣማትም። ከእህቶቿ በቀር ብዙ ልጃገረድ እንደማታውቅ በማስታወሻዋ አሰፈረች። ቤቱ ግን ገንዘብ ይፈልግ ነበርና ተቀምጣ እነዚያኑ እህቶቿን ጻፈች። በ1868 የወጣው «ሊትል ዊሜን» ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 16 የሆኑ አራት እህትማማቾችን ይዞ መጣና የመጀመሪያው እትም ወዲያው አለቀ። ሐሳቡ የአሳታሚው ነበር፤ ደራሲዋ እያቅማማች ነው የገባችበት። ይህን ያዙልኝ፤ ደጋግሞ ይመጣል።

አንድ መጽሐፍ ቢሸጥም መደርደሪያው ግን አልቆመም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የዚያ ዘመን የ15 ዓመት ልጅ አንባቢ ከመሆኑ በፊት ሠራተኛ ነው፤ እርሻ ላይ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሰው ቤት። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ከሆነ 100 ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገቡት 11 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ1940 ቁጥሩ ከ70 በላይ ሆነ። በመካከሉ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት አለ። ሥራ ለአባቶቹም ሲጠፋ ልጆቹ ወደ ክፍል ገቡ፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ቀኑን ሙሉ ዋሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ፣ የራሳቸው ዘፈን፣ የራሳቸው ኩርፊያ አወጡ። የሥነ ልቦና ሊቁ ጂ. ስታንሊ ሆል ያን ዕድሜ ራሱን የቻለ ማዕበለኛ ዘመን አድርጎ በሁለት ወፋፍራም ቅጽ የጻፈው ቀደም ብሎ በ1904 ነበር፤ ሕዝቡ ሊቁ ላይ የደረሰበት ዘግይቶ ነው። እኛም ጎረምሳና ኮረዳ የሚሉ ቃላት ከጥንት አሉን። ቃላቱ የሚያወሩት ግን ስለ ጉልበትና ስለ ጋብቻ እንጂ ስለ ንባብ አይደለም።

መደርደሪያውን ያቆሙት ደራስያን አይደሉም፤ ነጋዴዎችም አይደሉም። የቤተ መጻሕፍት ሴቶች ናቸው። ማቤል ዊልያምስ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከ1919 ጀምሮ ከትምህርት ቤቶች ጋር ስትሠራ፣ የልጆችን ክፍል ጨርሰው የሚወጡት ልጆች ወደ አዋቂዎቹ ክፍል ሳይደርሱ በመንገድ እንደሚጠፉ አየች። በ1925 የክሊቭላንድ ቤተ መጻሕፍት በሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ስም ለነዚሁ ልጆች አንድ ክፍል ለየላቸው። በ1929 ኒው ዮርክ ለአፍላ ወጣቶች የሚሆኑ መጻሕፍት ዝርዝር አወጣ፤ ከዓመት ዓመት እየታደሰ ለብዙ አስርት ዓመታት ቆየ። ዝርዝሩን ከፍቶ ላየ ሰው ግን አብዛኛው ለአዋቂ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ሴቶቹ ያደረጉት መምረጥ ነው፤ ከአዋቂው ማዕድ ለልጁ የሚሆነውን ቆርሶ ማጉረስ።

ከነሱ ሁሉ ልቤ የሚሄደው ወደ ማርጋሬት ኤድዋርድስ ነው። መምህርት ነበረች። በ1932 ባልቲሞር በሚገኘው የኢኖክ ፕራት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረች፤ ጥቂት መጻሕፍት ያሉበት አንድ ጥግ ተሰጣት። አብረዋት እንዲሠሩ የምታሠለጥናቸውን ወጣት ባለሙያዎች 300 መጽሐፍ ታስነብባለች፤ «አንብቤዋለሁ» ብሎ ማለፍ የለም፤ እየጠራች ትጠይቃለች። መጽሐፍ ለልጅ የሚሰጥ ሰው የሚሰጠውን ማወቅ አለበት ባይ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ ልጆች ወደሚኖሩባቸው የከተማው ድሃ ሰፈሮች በፈረስ ጋሪ መጽሐፍ ጭና ወጣች። በአትክልት ፋንታ ልብ ወለድ የጫነ ጋሪ አስቡት።

ይህን ሳነብ ሐዋሳ ትዝ ትለኛለች። እዚያም በእኛ ዘመን በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ዞሯል። ሐሳቡ የአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው። አቶ ዮሐንስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠርተው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደሆነ ተናግረዋል፤ ያውም የፍቅር ልብ ወለድ። በትሪመር መስመር ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር ማለት ነው።

ስሙ የመጣው በ1944 ነው። የኒው ዮርኳ ማርጋሬት ስኮጊን በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ «ከፍ ላሉ ወንድና ሴት ልጆች የሚሆኑ መጻሕፍት» የሚል ዓምድ ነበራት። ስሙን «የያንግ አደልት መጻሕፍት» ብላ ቀየረችው። ቃሉ ጨዋነት አለው፤ ልጁን ልጅ ብሎ አያሳንሰውም፤ ወጣት አዋቂ ይለዋል። የ15 ዓመት ልጅ ራሱን እንዲህ ብሎ ጠርቶ አያውቅም፤ ዛሬም አይጠራም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1942 «ሰቨንቲንዝ ሰመር» የሚል ልብ ወለድ ወጥቶ ነበር። ደራሲዋ ሞሪን ዴሊ አየርላንድ ተወልዳ በዊስኮንሲኗ ፎንዱላክ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። ታሪኩ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ያለውን ክረምት ስታሳልፍ ነው፤ ጀልባ፣ ኮካ ኮላ፣ የመጀመሪያ ፍቅር። የታተመው ግን ለአዋቂ ነው። ልጃገረዶቹ ፈልገው አገኙት፤ የቤተ መጻሕፍት ሴቶችም ወደ መደርደሪያቸው ሳቡት። ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በ1951 የወጣው የሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» ዕጣው ያው ነው፤ ለአዋቂ ተጽፎ በጎረምሶች ኪስ የኖረ።

በ1957 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የያንግ አደልት አገልግሎት ክፍል አቋቋመ። ነገሩ ያስቃል፤ ቢሮው ተከፍቶ፣ ሹም ተሹሞ፣ ለዚያ ዕድሜ ታስበው የተጻፉት መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ጭፈራ ምሽት፣ የእግር ኳስ ቡድንና የነርስነት ሙያ ታሪክ ናቸው። ከዚያ ወጣ ያለ ሲመጣ መደርደሪያው ይገፋዋል። ሮበርት ሃይንላይን ለስክሪብነር አሳታሚ በየዓመቱ ለልጆች የጠፈር ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። «ስታርሺፕ ትሩፐርስ»ን ሲያመጣ ግን አሳታሚው አልቀበልም አለ። በ1959 ሌላ አሳታሚ አወጣው፤ በዓመቱ የሳይንስ ልብ ወለድ ትልቁን ሽልማት ሁጎን በላ። አንዱ በር ላይ የተመለሰው መጽሐፍ በሌላው በር የአዋቂ መጽሐፍ ሆኖ ገባ። የተለወጠው በሩ ነው።

አሁን ወደ ኦክላሆማ፣ ወደ ተልሳ ከተማ እንሂድ። ሱዛን ኤሎይዝ ሂንተን የዊል ሮጀርስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። በትምህርት ቤቷ ሀብታሞቹ ልጆች በአንድ ወገን፣ ፀጉራቸውን በቅባት የሚያቀልጡት ድሆቹ በሌላ ወገን ሆነው ይጣላሉ፤ ጓደኛዋ ከፊልም ቤት ሲመለስ ተደበደበ። ንዴቱ አስጻፋት። በ15 ዓመቷ ጀመረች፤ አብዛኛውን በ16 ዓመቷ ጻፈችው። በዚያው ዓመት የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ያገኘችው ውጤት ከመውደቅ በአንድ ደረጃ የሚሻል ነበር። ልጅቷ በቤተ መጻሕፍት ያጣችውን ነው የጻፈችው፤ የፈረስ መጽሐፍ ጨርሳለች፤ ስለ ጭፈራ ምሽት የሚያወራው አይጥማትም፤ የአዋቂውን ገና አልደረሰችበትም። በ1967 ቫይኪንግ አሳታሚ «ዘ አውትሳይደርስ»ን ሲያወጣ ዕድሜዋ 18 ነው። ወንዶቹን ሃያስያን እንዳያሸሽ ብለው ስሟን በፊደላት አሳጠሩት፤ ኤስ. ኢ. ሂንተን። ፖኒቦይ የሚባለውን ተራኪ ሴት ልጅ ትጽፈዋለች ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው።

መጽሐፉ ሲወጣ ገበያው አልነደደም። ሲጋራና ማስቲካ በሚሸጥባቸው መደብሮች ከርካሽ ልብ ወለዶች ጋር ተደርድሮ አልሄደም። ነገሩን የለወጡት መምህራን ናቸው። አሳታሚው ሽያጩን ሲመረምር መጽሐፉ ክፍል ውስጥ በደርዘን እየተገዛ እንደሆነ አየ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርት ቤት ማቅናት ጀመረ። ያው ታሪክ ነው፤ በመካከል የቆመ አዋቂ አለ፤ መጽሐፉን አንስቶ ለልጁ የሚሰጥ። ቢሆንም ይህን አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ ከሂንተን በፊት መደርደሪያው ከሌላ ቤት በተለመነ መጽሐፍ ይሞላ ነበር፤ ከሷ ወዲህ ለራሱ ይጻፍለት ጀመር። በዓመቱ ፖል ዚንደል «ዘ ፒግማን»ን አመጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

ግን ለራሱ መጻፍ ማለትም ሁልጊዜ ደራሲው አስቦበት አይደለም። ሮበርት ኮርሚየር በማሳቹሴትስ የጋዜጣ ሰው ነበር። ልጁ ፒተር ከትምህርት ቤቱ ለመሸጥ የተሰጠውን ቸኮሌት አልሸጥም ብሎ መለሰ። አባት በዚህ ተነሥቶ አንድ ልጅ ብቻውን እምቢ ሲል ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያደርገው ጻፈ። መጨረሻው ጨካኝ ነው፤ እምቢ ያለው ልጅ ተደብድቦ፣ ተሸንፎ ይወድቃል። ኮርሚየር ለማን እንደጻፈው አላሰበም ነበር፤ የአፍላ ወጣቶች መጽሐፍ እንደሆነ የነገረችው ወኪሉ ናት። አንዳንድ አሳታሚዎች መጨረሻውን ካላለሰለስክ አሉት፤ አላለሰለሰም። በ1974 ፓንቲየን «ዘ ቸኮሌት ዎር»ን እንዳለ አሳተመው። በቀጣዩ ዓመት ጁዲ ብሉም «ፎሬቨር»ን አወጣች፤ ሁለት ወጣቶች ተዋደው አብረው ይተኛሉ፤ በዚህ ምክንያት ማንም አይሞትም፣ ማንም አይቀጣም። ሁለቱም መጻሕፍት በአሜሪካ ከቤተ መጻሕፍት ይውጡልን ተብለው ደጋግመው የተከሰሱ ናቸው። እንደኔ አስተያየት መደርደሪያው መኖሩ የታመነው ያን ጊዜ ነው፤ ሰው የሌለ ነገር አይከስም።

በ1980 ካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ተማሪዎቹ ለፊልም ሠሪው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ጻፉ፤ የሂንተንን መጽሐፍ ፊልም አድርግልን ብለው፣ ተፈራርመው፣ ከመጽሐፉ ጋር ላኩለት። በ1983 ፊልሙ ወጣ። በዚያው ዓመት «ስዊት ቫሊ ሃይ» የሚሉት ተከታታይ ጀመረ፤ ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ገንዘባቸው ከገበያ ማዕከል የሚገዙት ርካሽ መጽሐፍ ጎረፈ። ከዚያ በአስፈሪ ታሪክ ተተካ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአፍላ ወጣቶች ቁጥር ቀንሶ፣ የትምህርት ቤት በጀት ተቆርጦ፣ ዘርፉ ሞቷል የሚሉ በዙ። ትልልቆቹ መጽሐፍ መደብሮችም ያስቀመጡት ከልጆች ክፍል ውስጥ፣ ከሥዕል መጻሕፍት ማዶ ነበር። ፂም ያቀመቀመ ልጅ በሕፃናት ወንበር መካከል አልፎ መጽሐፍ አይገዛም። ለዚህ መልስ የሰጡት ደግመው የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ናቸው። ለዘርፉ የራሱን ሽልማት አቋቋሙለት፤ በካንሳስ ቶፒካ ሲሠራ በኖረው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በማይክል ፕሪንዝ ስም። በ2000 የመጀመሪያውን የወሰደው የዎልተር ዲን ማየርስ «ሞንስተር» ነው።

በዚሁ በ2000 ሌላ ነገር ሆነ። የሃሪ ፖተር ሦስት መጻሕፍት የኒው ዮርክ ታይምስን በብዛት የተሸጡ ልብ ወለዶች ዝርዝር ከላይ ይዘው አንለቅም አሉ፤ አራተኛው ሊመጣ ነው። የአዋቂ አሳታሚዎች አጉረመረሙ። ጋዜጣው የልጆች ዝርዝር ብሎ ሌላ ከፈተና ጠንቋዩን ልጅ ወደዚያ አዛወረው። እንግሊዝ ውስጥ አሳታሚው ብሉምስበሪ ከ1998 ጀምሮ ለዚያው መጽሐፍ ባቡር ውስጥ ለማንበብ የማያሳፍር የአዋቂ ሽፋን አውጥቶለት ነበር። ጽሑፉ አልተነካም።

ያው ብሉምስበሪ በ2001 አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ለኛ ቅርብ የሆነ። ደራሲው ቤንጃሚን ዘፋንያ የበርሚንግሃም ልጅ፣ ገጣሚ፣ በ13 ዓመቱ ከትምህርት የወጣ፣ ፊደል ያስቸገረው ሰው ነበር። «ረፊውጂ ቦይ» ይባላል። ዓለም ቀሎ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በ1998 የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲፈነዳ እዚህም የማይፈለጉ፣ እዚያም የማይፈለጉ ሆኑ። አባቱ ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ይወስደውና ሆቴል ውስጥ ትቶት ይመለሳል፤ ልጁ ሲነቃ የሚያገኘው ደብዳቤ ነው። የብሪታንያ መጽሐፍ ሻጭ ይህን በአፍላ ወጣቶች መደርደሪያ ያኖረዋል፤ ልክ ነው፤ የተጻፈውም ለነሱ ነው። እዚያ አገር የሚኖር የአገራችን ሰው ቢያነበው ግን በየትኛው ዕድሜ ሊሰማው እንደሚገባ እንጃ። እኛ ዘንድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ አባትም ልጅም በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ነው የሰሙት፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የማን ናቸው ብሎ የለየ አልነበረም።

በሩ እየሰፋ ሄደ። በ2003 የማርክ ሃደን «ዘ ኪውሪየስ ኢንሲደንት» አንዱ ጽሑፍ በሁለት ሽፋን፣ በሁለት አሳታሚ ስም፣ ለልጆችም ለአዋቂዎችም በአንድ ጊዜ ወጣ። የማርከስ ዙሳክ «ዘ ቡክ ቲፍ» በ2005 አውስትራሊያ ውስጥ የአዋቂ መጽሐፍ ነበር፤ በዓመቱ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ የአፍላ ወጣቶች ሆነ። ከዚያ «ትዋይላይት»፣ በ2008 «ዘ ሃንገር ጌምስ»፤ የፊልም ገንዘብ መጣ፤ መደብሮቹ ከሥዕል መጻሕፍቱ የራቀ፣ ጥቁር ሽፋን የበዛበት የራሱ ጥግ ሰጡት።

በ2008 የብሪታንያ አሳታሚዎች በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የአንባቢውን ዕድሜ እናትም ሲሉ ደራሲው ፊሊፕ ፑልማን ተቃውሞ አስነሣ፤ ብዙ ደራስያን ፈረሙ። ጎበዝ አንባቢ የሆነ ትንሽ ልጅ «ገና ነህ» ይባላል፤ ንባብ የከበደው የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ 9 የሚል ቁጥር ያለበት መጽሐፍ ይዞ ከሚታይ ባያነብ ይመርጣል። በ2009 የኒው ዮርኩ ሴንት ማርቲንስ ፕሬስ መደርደሪያውን ወደ ላይ ሊቀጥለው ፈለገና ከ18 ዓመት በላይ ላሉት «ኒው አደልት» የሚል ስም ፈጥሮ ጽሑፍ አወዳደረ።

በ2012 ባውከር የተባለው የመጽሐፍ ገበያ አጥኚ ድርጅት አንድ ቁጥር ይፋ አደረገ፤ የአፍላ ወጣቶች መጽሐፍ ከሚገዙት 55 በመቶው ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ነው። የሚበዙት ከ30 እስከ 44 ያሉት ናቸው። ለልጃቸው ስጦታ ይሆን? አይደለም፤ 78 በመቶው ጊዜ ለራሴ ነው ብለዋል። በ2014 ሩት ግራም «ስሌት» በተባለው የድረ ገጽ መጽሔት ላይ በጻፈችው መጣጥፍ አዋቂዎች በዚህ ሊያፍሩ ይገባል ብላ ነቀፈች፤ ተናዳጁ በዛ። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው። ከ1929ኙ ዝርዝር ጀምሮ ልጁ የአዋቂውን መጽሐፍ ሲያነብ ኖረ፤ ያን ጊዜ አዋቂው አልተናደደም።

እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአሜሪካ መጽሐፍ ንግድ በሚጠቀምበት የርዕሰ ጉዳይ መለያ ውስጥ የአፍላ ወጣቶች ልብ ወለድ የራሱ ኮድ አልነበረውም። ከ«ትዋይላይት» በኋላ፣ ከ«ሃንገር ጌምስ» በኋላ እንኳ በልጆች ልብ ወለድ ሥር ይመዘገብ ነበር። ከዚያ ኮድ ተሰጠው፤ ዕድሜውም ተጻፈለት፤ ከ12 እስከ 17። የዘርፉ መለያ ዕድሜ እንጂ ዘይቤ ወይም የታሪክ አወቃቀር አይደለም።

መደርደሪያው በዚህ መሃል ወደ ገዢው ተጠጋ። ጀግኖቹ 17፣ 18፣ አንዳንዴም 19 ዓመት ሆኑ፤ መጻሕፍቱ ወፈሩ። ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሠሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ የሚሰጡት አዲስ መጽሐፍ እያጡ መሆናቸውን ይናገራሉ። አንዳንዶቹ እጃቸውን የሚሰዱት ወደ አሮጌው የሂንተን መጽሐፍ ነው። ፖኒቦይ 14 ዓመቱ ነው።